ደብዳቤ ለልጄ፦ ዝርዝሩን ቤት ትተሽው ውጪ

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የላክሽልኝን ዝርዝር አየሁት። 43 ቦታ! የሚበላበት፣ የሚጠጣበት፣ የሚጎበኝበት። እናትሽ «ይቺ ልጅ ልትማር ነው የሄደችው ወይስ ከተማ ልትቆጥር?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ገብቶኛል። ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ ሁሉ ነገር የሚያመልጠው ይመስለዋል።

አትጣይው። ግን አንድ ቅዳሜ ቤት ትተሽው ውጪ።

ከምግቡ ልጀምር፤ ሆዴን ታውቂው የለ። በወጣትነቴ ለሥራ አንድ ትልቅ ከተማ ተልኬ፣ ዋናው አደባባይ ላይ ያለ ምግብ ቤት ገባሁ። ገባሁ ከምል ተጎትቼ ገባሁ ብል ይሻላል፤ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ክንዴን ይዞ ነው ያስገባኝ። ሜኑው እንደ ስልክ ማውጫ ወፍራም ነው፣ ሁሉም በፎቶ። በምሳ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ። ሾርባው ለብ ብሎ መጣ። ርቦኝ ስለነበር ጥርግ አድርጌ በላሁት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ከከተማው ያየሁት የሆቴሉን ሽንት ቤት ብቻ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለብ ያለ ነገር እፈራለሁ። ሆድ የሚያውኩ ባክቴሪያዎች በደንብ የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ትኩሱ እየተነነ፣ ቀዝቃዛውም በደንብ ቀዝቅዞ ይምጣልሽ። የመንገድ ዳር ምግብ አትናቂ፤ ዓይንሽ እያየ ከእሳት ላይ የሚወርድ ከሆነ ከስንቱ ምግብ ቤት ይሻላል። ሰው የሚሰለፍበት ቤት ደግሞ ምግብ አያድርም። የአካባቢው ሠራተኞች ለምሳ የት እንደሚገቡ እይ። ነገም ተመልሰው ስለሚመጡ ባለቤቱ አይቀልድባቸውም። አደባባዩ ላይ የበላ ቱሪስት ግን ነገ አገሩ ነው። የአደባባዩ ኪራይም ሰማይ የነካ ነው፤ የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ሁለት መንገድ ያህል ወደ ውስጥ ግቢ።

ውኃው ካላስተማመነሽ በረዶውንም ተዪው። ስንቱ ውኃውን ፈርቶ በረዶውን ይጠጣል!

ለመጠጡ አንድ ካፌ ያዢና አትቀያይሪ። በሳምንቱ አስተናጋጇ «እንደ ትናንቱ?» ትልሻለች። ያኔ የሚበላበትን እሷን ጠይቂ። «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ካልሻት ለእንግዳ የሚነገረውን ነው የምትነግርሽ። «አንቺ በእረፍት ቀንሽ የት ትበያለሽ?» በያት።

መዞሩን በተመለከተ፣ በባቡሩ ካርታ ብዙም አትተማመኚ። እ.ኤ.አ. በ1933 ሃሪ ቤክ የሚባል ንድፍ ሠሪ ለለንደን የምድር ባቡር ያዘጋጀው ካርታ ታትሞ ወጣ። የተጣመመውን መስመር ቀጥ አደረገው፣ እውነተኛውን ርቀት ተወው። ባቡር ለሚቀይር ሰው ግሩም ነው፤ ብዙ ከተሞችም ዘዴውን ወሰዱት። እግረኛን ግን ይሸውዳል። እዚያው ለንደን፣ ከሌስተር ስኩዌር እስከ ኮቨንት ጋርደን 300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ወርዶ፣ ጠብቆ፣ ተሳፍሮ ከመውጣት በእግር ይቀላል። አንቺም አንድ ጣቢያ ቀድመሽ ውረጂና የቀረውን በእግርሽ ጨርሺው። ጥሩ ጥሩው ነገር ያለው በሁለት ጣቢያ መሃል ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ አውቶቡስ ተሳፍረሽ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠሽ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሂጂ። የመመለሻው የመጨረሻ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አስቀድመሽ እወቂ። ይህን እንዴት እንደተማርኩት እናትሽን አትጠይቂያት።

አስተናጋጇ ያለችሽን ጻፊልኝ። ስመጣ መጀመሪያ የምንሄደው እዚያ ነው። እናትሽ ሹራቡን ጨርሳለች፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል፣ እንዳትነግሪያት።

አባትሽ