እንደገና አመለክታለሁ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ቢቸና

እንደምን ሰነበቱ? እናቴስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ስልኩ እንቢ ስላለ ይህን ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ። መንገዱ ሲከፈት ያደርሱላችኋል።

ወንድሜ መልእክትዎን ነግሮኛል። «አንዴ አንፈልግሽም ካሉሽ ለምን ደግመሽ ደጅ ትጠኚያለሽ? ያለሽን ሥራ አጥብቀሽ ያዢ» ብለዋል። ለእኔ አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሳይመርቁኝ ማመልከት አልፈልግም፤ ስለዚህ ነገሩን ላስረዳዎት።

ለሥራ አመልክቼ ያልተቀበለኝ አማካሪ ድርጅት ነው። ኩባንያ ትርፉ ሲቀንስበት ወይም አዲስ ገበያ መግባት ሲፈልግ «ምን ላድርግ?» ብሎ ወደ እንደዚህ ያሉ ድርጅቶች ይሄዳል፤ ለምክሩም ይከፍላል። ከስመ ጥሩዎቹ አንዱ ማኪንዚ ነው። እኔን የመለሰኝ ሌላ ነው። ማኪንዚን በ1926 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የመሠረተው ሰው የሒሳብ አያያዝ መምህር ነበር። እርስዎ መምህር ስለሚያከብሩ ነው ይህን የጻፍኩልዎት።

ሥራ ፈላጊውን የሚፈትኑበት ዋናው ፈተና በቃል ነው። የአንድ ኩባንያ ችግር ይነግሩዎታል። እርስዎ ይጠይቃሉ፣ ነገሩን ከፋፍለው ያያሉ፣ እፊታቸው ያሰላሉ፣ ከዚያ ምክር ይሰጣሉ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማሩ የነበረውን ያስታውሱ። ተማሪው ቆጠራ ውሎ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ «ተበላሽቷል» ካሉት ማግስቱን ሌላ ይዞ ይመጣል እንጂ ትምህርቱን አይተውም። ደግሞም ዲማ ያልሆነለት ጎንጅ ወይም ዋሸራ ይሄዳል። እዚህም የአንዱ ድርጅት እምቢታ ሌላውን አያስርም፤ ስለዚህ ለሌሎችም አመለክታለሁ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የኔታ የተበላሸው የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያሉ። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚደርስዎት አጭር ኢሜይል ነው። እኔን ግን ከፈታኞቹ አንዷ ደውላ አነጋገረችኝ። «ሒሳብሽ ጥሩ ነው፤ መልስሽ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ባለጉዳዩ መጀመሪያ መልሱን፣ ከዚያ ምክንያቱን መስማት ይፈልጋል» አለችኝ። ያቺ ደግ ሴት ባለውለታዬ ናት።

እነዚህ ድርጅቶች በሩን ለዘለዓለም አይዘጉም። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ቆይ ይላሉ። አመልካቹ ሲመለስ የሚያዩት ምን እንደተለወጠ ነው። ያንኑ ማመልከቻ ቀን ቀይሮ ማስገባት ዋጋ የለውም። እኔ ዘንድ የተለወጠ ነገር አለ። የምሠራበት የምግብ መጋዘን የጭነት መኪኖቹን ተራ እንዳስተካክል ኃላፊነት ሰጥቶኛል። አሁን ሾፌሮቹ እንደ ድሮው ቆመው አይውሉም። ይህን በማመልከቻዬ ላይ እጽፋለሁ።

ማታ ማታ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር እንለማመዳለን፤ አንዳችን ፈታኝ፣ አንዳችን ተፈታኝ እየሆንን። በቀደም ከአገሬ ጥያቄ ላውጣ ብዬ «ደብረ ማርቆስ በሳምንት ስንት ኩንታል ጤፍ ይበላል?» አልኩ። 1,000 ቤት እንውሰድ። በየቤቱ 5 ሰው አለ እንበል። አንድ ሰው በቀን 300 ግራም ዱቄት ከበላ፣ አንድ ቤት በሳምንት 10 ኪሎ ተኩል ይፈጃል። ለ1,000 ቤት 105 ኩንታል መሆኑ ነው። ከዚያ የሚቀረው ከተማው ስንት ሺህ ቤት እንዳለው መገመት ነው። ጓደኛዬ ግን «300 ግራሙን ከየት አመጣሽው?» ብላ ያዘችኝ። እውነቷን ነው። ፈታኞቹም አጥብቀው የሚጠይቁት እንዲህ ያለውን ነው።

ገንዘብ እንዳያሳስብዎት። ለማመልከት ክፍያ የለውም። ያለኝን ሥራም አልለቅም፤ የታናሼ የትምህርት ወጪ አይቋረጥም። ሰው ከጠየቀዎት «አልተቀበሏትም፣ ደግማ ልትሞክር ነው» ይበሉ። ምንም የሚደበቅ ነገር የለውም።

ምርቃትዎን እጠብቃለሁ። እናቴን ደግሞ ይጠይቁልኝ፤ ቤታችን በሳምንት ስንት ኪሎ ጤፍ ያስፈጫል? በቆሎ የምትደባልቅ ከሆነ ለይታ ትንገረኝ። ለወንድሜ ንገሩት፤ ስልኩ ሲሠራ ይደውልልኛል።

ልጅዎ፣ ከቶሮንቶ