የዓላታን ድልድይ ለጣሊያን ስለሰጠው ዘገባችሁ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ተማሪዎች የመስክ ጉብኝት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለተኛውን ያነበብሁት የመጀመሪያውን ማመን ስላቃተኝ ነው። ከባሕር ዳር የሄዱት ልጆች ጢስ ዓባይ አጠገብ ባለው የድንጋይ ድልድይ ላይ ድንጋይ ተሸክመው እንዲመላለሱ የተደረገው፣ በቅኝ ግዛት ዘመን አያቶቻቸው ድልድዩን ሲሠሩ ያዩትን መከራ በተግባር እንዲቀምሱ መሆኑን ነግራችሁናል። ከፎቶው ሥርም «የጣሊያን ድልድይ» ብላችኋል።

ድልድዩ የዓላታ ድልድይ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ በ1618 ዓ.ም. ገደማ ሲሠራ ሙሶሊኒ ሊወለድ ገና ከ250 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር፤ ሳይወለድ ያሠራ መሐንዲስ በእውነቱ ሊደነቅ ይገባዋል። አስጎብኚዎች «የፖርቹጋል ድልድይ» ማለታቸው ዘጋቢውን አሳስቶት ከሆነ፣ ፖርቹጋልና ጣሊያን ለየቅል መሆናቸውን ከማንኛውም ካርታ ማየት ይቻል ነበር። ፖርቹጋል የሚባለውም በዚያ ዘመን በንጉሡ ዙሪያ በነበሩት ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) ሰበብ ሲሆን፣ እነሱም የሱስንዮስ ልጅ ፋሲል ከአገር ያስወጣቸው እንግዶች እንጂ ገዢዎቻችን አልነበሩም። ጣሊያንም ቢሆን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው በወረራ ነው፤ የጎጃም አርበኞች በሰላም አላስተኙትም።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ከዚያ ድልድይ ማዶ ነው። እናቴ በገበያ ቀን ጌሾ አዝላ ስትሻገር ቀሚሷን ይዤ እከተላት ነበር። ዘገባችሁ የእኛን ሰዎች ያነሣቸው በአንድ ቦታ ብቻ፣ «ግራ ተጋብተው ይመለከቱ የነበሩ ነዋሪዎች» በሚል ነው። የተጫነ አህያ ይዘው ለማለፍ ሲጠብቁ፣ የሰው ልጅ ድንጋይ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ሲያመላልስ ያዩ ሰዎች ግራ ቢጋቡ ምን ይገርማል? ከእነሱ አንዱን «ይህን ማን አሠራው?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ጉብኝቱ «በዓይነቱ የመጀመሪያ» ነው መባሉን እንኳ ዝም ብዬ ላልፈው አስቤ ነበር። የታሪክ መምህር ሳለሁ ክፍሌን በተደጋጋሚ ወደዚያው ወስጃለሁ። ለአውቶቡስ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ደጅ ጠንቼ «በጀት የለም» ስለተባልሁ ልጆቹ የሄዱት በአይሱዙ ነው፤ ጋዜጠኛም አልተከተለንም። በየሜትሩ ቋጠሮ ባለው ገመድ ቅስቱን እንለካለን፤ መሬት ወድቆ ያገኘነውን የኖራ ፍርፋሪ በጣታችን እንፈጫለን (ከግንቡ ላይ የፋቀ ተማሪ ከእኔ ጋር ተኳርፏል)። ከዚያም ብረትና ሲሚንቶ ፈልጉ እላቸዋለሁ። ከሥር ከላይ ሲያስሱ ቆይተው አጥተው ይመለሱና «እንዴት ቆመ ታዲያ?» ይሉኛል። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነበር።

የወረራውን ዘመን በቦታው ማስተማር የሚፈልግ ትምህርት ቤት ቦታ አያጣም። ጎርጎራ ላይ ጣሊያን የተከለው ሐውልት ከጣና ሐይቅ በላይ ቆሟል። ድልድይ ካልሆነ የሚል ደግሞ ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ይውረድ፤ በፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ እዚያ አለ። መካከሉን ያፈረሱት በወረራው ጊዜ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ ሲሉ የራሳቸውንም ቆርጠው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ነው የተሻገረው። ለልጆቹ መከራ ማቅመስ ከተፈለገ ይህ መከራ የእውነት ነው፤ ድንጋይ ማሸከምም አያስፈልገውም።

እርማቱን በውስጥ ገጽ ጥግ ሳይሆን ፎቶው በወጣበት ገጽ፣ ከዚያው ፎቶ ጋር እንድታወጡልን እጠይቃለሁ። ከሥሩም «የዓላታ ድልድይ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ» ይባልልን። ልጆቹን ለወሰደው ትምህርት ቤት ደግሞ የቋጠሮ ገመዴን ለማዋስ ፈቃደኛ ነኝ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከባሕር ዳር