የወይን ጥራት በቀለሙ ጥቁረት አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጣሊያን ቀይ ወይኖች የወጣው ጽሑፍ «ቀለሙ የጠቆረ ወይን ሁሌም ይበልጣል» ይላል። ይህን ምክር ይዞ ወደ ጣሊያን ወይን የሚገባ ሰው ገና በመጀመሪያው ጠርሙስ ይሳሳታል።

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክልል የሚሠራውን ባሮሎ የተባለ ቀይ ወይን እንውሰድ። ሕጉ ከኔቢዮሎ የወይን ዝርያ በቀር ሌላ እንዲገባበት አይፈቅድም። የኔቢዮሎ ልጣጭ ደግሞ ቀለም ይሰስታል። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ቢያደርጉት ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሊነበብ ይችላል፤ ጠርዙም ቶሎ ወደ ጡብ ቀለም ይዞራል። ዓይን ብቻውን ቢፈርድ «ይህስ ቀጥኗል» ያሰኛል። አንድ ጉንጭ ሲቀመስ ግን ታኒኑ (ከልጣጩና ከዘሩ የሚወጣው አፍ የሚያሻክር ንጥረ ነገር) ድድ ያደርቃል። እዚያው ፒየሞንቴ የሚበቅለው ባርቤራ ተቃራኒው ነው፤ ቀለሙ የጠቆረ፣ አሲዱ የበረታ፣ ታኒኑ ግን ትንሽ። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀድቶ መቅመስ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ለቅምሻ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳያንቀሳቅሱ ማሽተት፣ ቀጥሎ አዙሮ እንደገና ማሽተት። ከዚያ አንድ ጉንጭ ይዞ አሥር ሰከንድ ያህል በአፍ ውስጥ ማመላለስና ከዋጡ ወይም ከተፉ በኋላ መጠበቅ ነው። ምራቅ ጎርፎ ከመጣ ሥራው የአሲዱ ነው። ምላስ የላይኛውን ድድ ሲያብስ ከሻከረው ደግሞ የታኒኑ ነው፤ ታኒን ከምራቅ ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ የአፍን ልስላሴ ይነጥቃል። ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ «መረረ» ይላል፤ ምሬት ግን ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው።

«በክፍል ሙቀት ይቅረብ» የተባለውም መታረም አለበት። ባሮሎና ብሩኔሎ (የቶስካና ክልል ቀይ ወይን) ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማቸዋል። 24 ዲግሪ የደረሰ ወይን አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፤ 10 ላይ ደግሞ ታኒኑ ይከርራል፣ መዓዛውም ይታፈናል። ጠርሙሱ ሞቅ ብሎ ከተገኘ ሃያ ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ያስተካክለዋል። እንደ ዶልቼቶ ያለው ቀለል ያለ ወይን 14 ዲግሪ ቢሆንም ያምርበታል።

ባሮሎ ለገበያ የሚወጣው ከመኸሩ ዓመት ኖቬምበር 1 ጀምሮ ተቆጥሮ 38 ወራት ሲሞላው ነው፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ያሳልፋል። ሲያረጅ አተላ ይጥላል። ስለዚህ ጠርሙሱን አንድ ቀን አስቀድሞ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከአንገቱ ጀርባ ብርሃን አድርጎ በአንድ ትንፋሽ በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ማቅረር፣ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ መቅዳቱን መግታት። መሀል ላይ ጠርሙሱን ቀና ካደረጉት አተላው ተመልሶ ይበጠበጣል፣ ልፋቱም በከንቱ ይቀራል። ወጣቱን ባሮሎ አንድ ሁለት ሰዓት ማናፈስ ይጠቅመዋል፤ በጣም ያረጀውን ግን አቅርሮ ወዲያው መቅዳት ነው፣ የቀረችው መዓዛ ከቆየች ትበናለች።

የረጠበ ካርቶን የሚሸት ወይን በቡሽ የተበላሸ ነው፤ ማናፈስ አያድነውም። አስቸጋሪው ብልሽቱ ጥቂት ሲሆን ነው፦ ሽታው አይታወቅም፣ የፍሬው መዓዛ ብቻ ይጠፋል፣ ጠጪውም «ወይኑ ተራ ነው» ብሎ ያልፋል። ቡሹን ማሽተት እምብዛም አይረዳም፤ ብርጭቆውን ያሽቱ።

በመጨረሻ፣ ጽሑፉ «ሞንቴፑልቻኖ» ብሎ አንድ ያደረጋቸው ሁለት ወይኖች ናቸው። ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ ስሙን ያገኘው በቶስካና ካለችው የሞንቴፑልቻኖ ከተማ ሲሆን ቢያንስ 70 በመቶው ሳንጆቬዜ የተባለው የወይን ዝርያ ነው። ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩትሶ ግን ሞንቴፑልቻኖ ከተባለው የወይን ዝርያ በአብሩትሶ ክልል ይሠራል። በሚቀጥለው እትም እርማት ቢወጣበት መልካም ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢ