ከበዓሉ ማግስትስ ማን ይጠይቃቸው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ለእንቁጣጣሽ ባወጣችሁት እትም፣ እዚሁ ባሕር ዳር ወደ አንድ የአረጋውያን ማዕከል ድፎ ዳቦና ሳሙና ይዘው የሄዱ ወጣቶችን ፎቶ አየሁ። እሰየው ነው፤ አልነቅፍም። እኔ ግን የምሄደው በአዘቦት ቀን ነው፤ ያውም ባዶ እጄን። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ፤ ከፈቀዱልኝ ጉዳያቸውን ይዤ አስተዳደሩ ዘንድ እገባለሁ። ደመወዝ የለው፣ ማዕረግ የለው።

አብዛኛው ጉዳይ ትንሽ ነው። አንዲት እናት በወጣትነታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ውስጥ ሠርተዋል፤ በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስለጎዳው በግራ በኩል ካልተጠጓቸው አይሰሙም። ጥርስም የላቸውም። ጥቅል እንጀራ ይቀርብላቸዋል፤ ግማሹን ይመልሱታል። «እማማ እኮ ምግብ አይበሉም» ተባልኩ። በደህናው ጆሯቸው በኩል ሆኜ ብጠይቃቸው፣ «ኧረ ፍትፍት ቢያደርጉልኝማ እበላለሁ!» አሉ። ለወጥ ቤቷ ነገርኳት፤ በዚያው ቀን ተስተካከለ። ክፋት አልነበረም። አንዲት ተንከባካቢ ለስንቱ ትድረስ?

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልተናገሩም?» ብላቸው፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ» አሉኝ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ካጉረመረምኩ ያስወጡኛል፣ ከወጣሁ የት እገባለሁ ብለው ይፈራሉ።

ሁሉም ነገር ደግሞ እንደ ፍትፍቱ አይቀልም። የአንድ አባት የጡረታ አበል የሚወጣው በውክልና ነው፤ ወኪሉ የእህታቸው ልጅ ነው። ብሩ ግን እጃቸው አይገባም። ውክልና የሰጠ ሰው ሲፈልግ መሻር እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለሚፈቅድ፣ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ተይው፤ የሚቀብረኝ እሱ ነው» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ግን ተውኩት። ገንዘቡም የሳቸው፣ ዘመዱም የሳቸው። (ይህን የምጽፈው እናቲቱንም እኚህን አባትም አስፈቅጄ ነው።)

አሜሪካኖች ይህን ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 በሙከራ ጀምረው በ1978 በየግዛቱ እንዲኖር በሕግ ደነገጉት። የአረጋውያን መኖሪያ እንባ ጠባቂ አላቸው፤ ሠልጥነው የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞችም አሉት። እኛም ጋ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለን። ከአልጋ መውረድ ያቃታት እናት ግን አቤት ለማለት በምን እግሯ ትሂድ?

ስለዚህ የማዕከላት ኃላፊዎችን የምለምነው አንድ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ሠራተኛ በማይሰማበት ጥግ ላይ የተቀመጠ። ማንም ሰው እየሰማቸው እውነቱን አይነግሩንም።

አንባቢዎች ደግሞ በዓሉን ለቤተሰባችሁ ተዉትና አንድ የአዘቦት ቀን ምረጡ። ከመረጣችሁ አትቅሩ፤ ሰዎቹ በር በሩን እያዩ ይጠብቃሉ። ፎቶው ይቅርብን። አገውኛ የሚችል ሰው ከተገኘ ደግሞ ቶሎ ይምጣልን፤ አማርኛው እየጠፋባቸው ያሉ አንድ አባት አሉ፤ ምን እንደሚፈልጉ ማናችንም አልገባንም።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከባሕር ዳር