ዓመቱ በስድስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ዘገባ

ዘንድሮ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበባችን አንድ ሥራ ይዞ ነው የከረመው። ስለ አየር ጠባይና ስለ ወቅቶች የሚያስተምር የመዝናኛ ፓርክ ባቡር ነደፍን። የሠራነው ሙሉ ንድፉንና በጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ሞዴሉን ነው። በወላጆች ቀን አዳራሹ ውስጥ ተዘርግቶ ያያችሁት እሱ ነው። ብዙ ወላጆች "እንዴት አሰባችሁት?" ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሀሳቡ የተማሪዎቹ ነው። የዓመቱን ዕቅድ ስናወጣ እሳተ ገሞራ እንሥራ ያሉ ነበሩ። በፀሐይ የሚሄድ መኪና ያሉም ነበሩ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ግን፣ "ቲቸር፣ ፓርክ ስንሄድ ባቡሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ያመጣናል። መንገድ ላይ የምናየው ነገር ቢኖር አይሻልም?" አለች። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ነገሩ በዓለም ላይ አዲስ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ጀርመን ብሬመርሃፈን ከተማ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተ ክሊማሃውስ የሚባል ቦታ አለ። ጎብኚው 8 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን ተከትሎ ይጓዛል። ኒጀር ክፍል ሲገባ ይሞቀዋል፣ አንታርክቲካ ሲደርስ ይበርደዋል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ በሚገኘው ኤፕኮት በሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ደግሞ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው በጀልባ ተሳፍሮ በዝናብ ደንና በበረሃ መካከል የሚያልፍበት ጉዞ አለ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወዲያው እርሳስ አነሱ።

የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ሰብስቤ ሳይ ግን አዘንኩ። አብዛኞቹ ላይ በረዶ የለበሰ ዛፍ አለ። የበረዶ ሰው ከነባርኔጣው አለ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የሚረግፍ ጫካ አለ። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ወቅት ሲባል በካርቱንም በፖስተርም የሚያዩት ይህንን ነው። ግን ከመካከላቸው የበረዶ ሰው የሠራ አንድም የለም። ሐምሌ ላይ ጎርፍ አቋርጦ ትምህርት ቤት ያልመጣስ ማን አለ? ነሐሴ ላይ ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚመጡትማ ጃንጥላቸው ከእጃቸው አይለይም። የአውሮፓ ወቅቶች የሚለዩት በሙቀትና በቀን ርዝመት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ወቅትን የሚለየው ዝናብ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ ጠየቅኳቸው፤ ባቡሩ የራሳችንን ሰማይ ያሳይ። በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ መጨረሻው አልተደራደርኩም።

ቀጥሎ የመጣው ጭቅጭቅ "ስንት ክፍል ይኑረው?" የሚል ነበር። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ወቅቶቹ አራት ናቸው። መፀው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራሉ። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ደግሞ በሦስት ይከፍሉታል፦ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት። ሁለት ቡድን ተፈጠረ። ሁለቱም ልክ ነው። በመጨረሻ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ወቅቱን ትተን ለየወሩ ክፍል እንሥራ ብሎ ገላገለን። አሥራ ሦስት ወር፣ አሥራ ሦስት ክፍል። አንዱ ቀን አንድ ሰከንድ ይሁን ተባለ። እያንዳንዱ ወር 30 ሰከንድ፣ ጳጉሜን 5 ሰከንድ ወሰደ። ጉዞው 365 ሰከንድ ሆነ፤ ስድስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ። በዘመነ ሉቃስ አንድ ሰከንድ ይጨመራል! ባቡሩ በሰከንድ አንድ ሜትር እንዲሄድ ስለተወሰነ ሐዲዱም 365 ሜትር ነው። ሞዴሉን በሃምሳ እጅ አሳነስነውና 7 ሜትር ከ30 ሆነ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሒሳብ ሲገጥም ደስ ይላል።

ከዚያ በፊት ግን ሰማዩን ራሱን ማወቅ ነበረባቸው። "ሐምሌ ላይ ለምን ይበርደናል?" ብዬ ጠየቅኩ። "ፀሐይ ስለምትርቅ!" አሉ በአንድ ድምፅ። እውነትም መሬት ከፀሐይ በጣም የምትርቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በጣም የምትቀርበው ደግሞ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው፤ 147 ሚሊዮን። "ታዲያ መልሳችን ልክ ነዋ ቲቸር!" አሉኝ። ልክ ቢሆን ኖሮ አውሮፓም በዚያው ወር ይበርደው ነበር። እነሱ ግን ያን ጊዜ ሙቀት ላይ ናቸው። ዝም አሉ። ወደ ሜዳው ወጣን።

አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገን ተከልን። ጥላውን የምንለካው ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ፀሐይ በከተማችን ከፍ ብላ የምትቆመው ያኔ ስለሆነ። ታኅሣሥ ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ተዘረጋ። በየወሩ እያጠረ መጣ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጠፋ። ልጆቹ ዱላውን ከበው ጥላውን ፈለጉት፣ የለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዱ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው፣ ሌላው ነሐሴ መጨረሻ። ሰኔ ላይ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ ወጣ። አንድ ዝምተኛ ልጅ እንዲህ አለ፦ "እንግዲያው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ እኛው ጋ ናት። የሚከልላት ደመናው ነው።" ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት መልስ ይህ ነበር። መጽሐፍ ከፍቶ አላገኘውም፤ ዱላ ላይ ነው ያየው።

የባቡሩ ዋና ሀሳብ የተገኘው ከዚያ ዱላ ነው። በሁሉም ክፍሎች ጣሪያ ላይ አንዲት አምፖል አለች። ቀኙን ደቡብ፣ ግራውን ሰሜን አልነው። ታኅሣሥ ላይ አምፖሏ በቀኝ በኩል ናት። ሚያዝያ ላይ አናት ላይ ትደርሳለች፣ ሰኔ ላይ ወደ ግራ ታልፋለች፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመልሳ አናት ላይ ትመጣለች። ከኋላዋ ደግሞ ከጥጥ የተሠራ ረጅም ደመና ዘግየት እያለ ይከተላታል። ይህ የዝናብ ቀበቶው ነው። የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት፣ እርጥብ አየር ወደ ላይ የሚወጣበት መስመር ማለት ነው። ጥር ላይ ከአገራችን ርቆ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰሜን ድረስ ይወጣል።

እናቷ ከያቤሎ የመጡ አንዲት ተማሪ ግን ተቃውሞ አነሳች። "እኛ አገር እኮ ሐምሌ ላይ ዝናብ የለም። አያቶቼ የሚጠብቁት ገናን እና ሀገያን ነው" አለች። ገና ማለት በቦረና ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናብ ነው፤ ሀገያ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ያለው አጭሩ ነው። ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ ጥጡን በእጃችን እየገፋን አየነው። ቀበቶው ወደ ሰሜን ሲወጣ በደቡብ በኩል ያልፋል፤ ሲመለስም እንደገና ያልፋል። ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍ ሁለት ዝናብ አለ። ልጅቷ ፊቷ በራ። የእሷ ጥያቄ ንድፉን ለወጠው። እያንዳንዱ ፉርጎ በግራም በቀኝም መስኮት እንዲኖረው ተደረገ። ጥቅምት ክፍል ውስጥ በግራ ስታዩ ጥርት ያለ ሰማይና የታጨደ ገብስ ነው፤ በቀኝ ስታዩ ዝናብ እየወረደ ከብት ሲጠጣ ነው። ያው ወር፣ ያው አገር። ለእኔ የዘንድሮው ምርጥ ሥራ ይህ ነው።

የየካቲትና የመጋቢት ክፍሎች ብዙ ጊዜ ወሰዱብን። የጥበቃ ሠራተኛችን አባባ የወሎ ሰው ናቸው። ልጆቹ በበልግ ክፍል ውስጥ ሁሉን አረንጓዴ አድርገው ዝናቡን ሲለቁት ቆመው አዩና፣ "ልጆቼ፣ በልግ እንዲህ አይጥልም። ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል" አሏቸው። ወንበር ሰጥተን አስቀመጥናቸው። በአገራቸው ደጋው ላይ በበልግ ገብስ ተዘርቶ ሰኔ ግድም እንደሚደርስ፣ በልግ የቀረ ዓመት ቤተሰብ ምን እንደሚሆን አጫወቷቸው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሰው በግራ መስኮት አንድ ገበሬ ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ እንዲያገኝ ተደረገ። አሻንጉሊቱን የሠሩት ሦስት ልጆች ናቸው፤ ጋቢውን ከአሮጌ ነጠላ ቆርጠው አለበሱት።

ዝናቡን በምን እንደሠራነው ብዙዎች ጠይቃችኋል። ከፋርማሲ በተገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ነው። መቆጣጠሪያዋን ትንሽ ሲያዞሯት ካፊያ፣ ሲለቋት ዶፍ ይሆናል። ከሥር ስስ ቆርቆሮ አነጠፍን። ቤቱ ቆርቆሮ የሆነ ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ሐምሌ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ በርሜል ተስሏል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሙሉ በርሜል ተደፋ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን የተረዱት በሃይላንድ ጠርሙስ የዝናብ መለኪያ ሠርተው ጠዋት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲያነቡ ነው።

መብረቁ ደግሞ ሒሳብ ማስተማሪያ ሆነ። መጀመሪያ ብርሃኑ ብልጭ ይላል፣ ከስድስት ሰከንድ በኋላ ነጎድጓዱ ይሰማል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት ተሳፋሪው ቆጥሮ "ሁለት ኪሎ ሜትር!" ማለት ይችላል። ብልጭታው በሰከንድ ከሦስት ጊዜ እንዳይበልጥ ወስነናል፤ ፈጣን ብልጭታ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል። የደኅንነት ቡድኑን የመሩት ልጆች በዚህ ረገድ በጣም ጎበዞች ነበሩ። ውኃው ያለበት ጎንና ሽቦው ያለበት ጎን እንዲለያዩ፣ በየክፍሉ መውጫ በር እንዲኖር፣ ባቡሩ ሲቆም ሙሉው መብራት በራሱ እንዲበራ በንድፉ ላይ ጽፈዋል።

ስንት ሰው ያስተናግዳል የሚለውም ተሰልቷል። ፉርጎው ስምንት ሰው ይይዛል። በየ30 ሰከንዱ ቢነሳ በሰዓት 960 ሰው ይሆናል፤ ከአጭሯ ጳጉሜን በቀር በየክፍሉም አንድ አንድ ፉርጎ ይገኛል። ሰሌዳው ላይ ያምራል። ግን ትንንሽ ልጆችና ዊልቸር የሚጠቀም ተሳፋሪ በ30 ሰከንድ ተረጋግተው አይቀመጡም። ስለዚህ 60 ሰከንድ ተደረገና ቁጥሩ 480 ሆነ። ልጆቹ ይህን ያለ ክርክር ተቀበሉ፤ ኮራሁባቸው። ሰልፉ የሚረዝምበትን ሰው ደግሞ ሥራ ሰጡት። መጠበቂያው መንገድ ከዳሎል ተነስቶ እየጠመዘዘ ራስ ዳሸን ላይ ይደርሳል። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ ቴርሞሜትር ተሰቅሎበታል። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል።

በወላጆች ቀን አንዲት እማማ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ጳጉሜን ክፍል ጋ ሲደርሱ፣ "ሩፋኤልንማ ረስታችሁታል! በጳጉሜን 3 ዝናብ ልጅ አይጠመቅም እንዴ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። በማግስቱ ልብሳቸውን አውልቀው ዝናብ ውስጥ የሚዘሉ ሕፃናት ተሠርተው ገቡ። አምስት ሰከንዷ ሞላች። ነሐሴ ክፍል ላይም "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" የሚለው ተጽፎ ከሥሩ ጥያቄ ተጨምሯል፦ "በሠፈራችሁ ለክታችሁ ታውቃላችሁ?"

ሞዴሉ አሁን ላብራቶሪው ውስጥ ነው። ባቡሩን የሚጎትተው ከምናለሽ ተራ የገዛነው ዲናሞ ደክሟል፤ ሰኔ ክፍል ላይ ሲደርስ ይዘገያል። ለከርሞ ሁለት ነገር አስበናል። አንደኛው ለጎሬና ለማሻ ዓይነት ዝናባም ቦታዎች የራሳቸውን መስኮት መሥራት ነው። ሁለተኛው ዝናብ የሚጠፋበትን ዓመት የሚያሳይ ማብሪያ ነው፤ ሲጫን ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) እንደነበረበት እንደ 2007ቱ ክረምት የሐምሌ ክፍል ዝናብ እንዲሳሳ። የክበቡ ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ማንም መግባት ይችላል። ቤታችሁ የተበላሸ ፕሪንተር ካለ አትጣሉት። ውስጡ ያሉት ጥርሶችና ዲናሞዎች ለእኛ በጣም ይጠቅማሉ፤ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን።