ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ

ይድረስ ለአዘጋጁ

ባለፈው ሳምንት ስለ አደንና ስለ ገዳይ ባህላችን ያወጣችሁትን ረጅም ጽሑፍ ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለእኔ ብቻ ከስድስት ሰው ነው በቴሌግራም የተላከልኝ፣ ስድስቱም የሚስቅ ፊት ለጥፈውበት። የሚስቁት ደግሞ በጽሑፉ አይደለም፣ ሁለተኛው ፎቶ ሥር ባለችው አንድ መስመር ነው። «የወሎ አዳኝ ሚዳቋ ገድሎ ሲፎክር» ትላለች።

ያ ሰውዬ አባቴ ነው።

እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር። ለሚዳቋ አይፎከርም። ይሄ የወሎ ብቻ አይደለም፣ ጎንደርም ጎጃምም ሸዋም ብትሄዱ ያው ነው፣ ሽማግሌ የሚያወራበት ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ፉከራ የሚገባው ቢስተው ኖሮ መልሶ ሊገድለው የሚችል ነገር ለጣለ ሰው ነው፣ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ፣ አውራሪስ። እነሱን የጣለ ነበር ጸጉሩን የሚያጎፍረው፣ ቅቤ የሚቀባው፣ ዘመድ ወጥቶ በእልልታ የሚቀበለው፣ ዝሆን ከሆነማ ጆሮው ላይ ወርቅ የሚያንጠለጥለው። (ግዳይ ሲባል አውሬ ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱን እናንተም ዘላችሁታል፣ እኔም እዘለዋለሁ።) ሚዳቋ ማለት ግን ከፍየል ያነሰች፣ ኮሽ ሲልባት ቁጥቋጦ ውስጥ ጥልቅ የምትል ምስኪን ናት። እሷን ገድሎ ዘራፍ የሚል ወንድ ቢገኝ መጀመሪያ የምትስቅበት ሚስቱ ናት። ምን ብሎ ሊፎክር ነው ቆይ? «ዘራፍ የሚዳቋ ገዳይ፣ የቅጠል በሊታ አስደንጋጭ፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ አሳዳጅ!» ሊል ነው? በዚህ ሂሳብ ለበዓል ዶሮ ላረደ ሰው ደሴ ፒያሳ ላይ ሐውልት ሊቆምለት ነው ማለት ነው።

ፎቶው የተነሳው በ1964 ዓ.ም ሐርቡ አጠገብ የአክስቴ ሰርግ ላይ ነው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በስተግራ ጫፍ ላይ የምትታየው ግማሽ ጭንቅላት የእኔ ናት። ሰርግ ላይ መፎከር ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ለወገን ነው፣ አባቴም የፎከረው በራሱ ሳይሆን ቆላ ወርደው ግዳይ ጥለው በተመለሱት አያቱ ነው። የያዘው ምንሽርም የሱ አይደለም፣ የሙሽራው አጎት ነው። አባቴ የራሱ ውጅግራ ነበረው ግን ሰደፉ በሽቦ የታሰረ ስለሆነ ሰርግ ላይ ይዞት መውጣት ያፍር ነበር። እና እግሩ ሥር ያለው፣ ጋዜጠኛችሁ ሚዳቋ ያለው ነገር፣ ታጥፎ የተቀመጠ ጋቢ ነው። አጉልታችሁ እዩት፣ ጥለቱ ይታያል። ሚዳቋ ደግሞ እኔ እስከማውቀው ጥለት የላትም።

ጋዜጠኛው ሳያገኘኝ ቀርቶ ቢሳሳት ምንም አልልም ነበር። ግን ልጁ ኮምቦልቻ ቤቴ ድረስ መጥቷል እኮ! ክፉ ልጅ አይደለም፣ ትሁት ነው፣ አቦል ቶና በረካ ሦስቱንም ጠጥቶ ነው የሄደው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀድቶኛል፣ ፎቶዋንም ከግድግዳዬ ላይ በስልኩ ያነሳት ታሪኳን ከነጋቢው ከነገርኩት በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ የወጣው ስንት ነው? ለሌላው ሁሉ አንቀጽ በአንቀጽ ሲሰጥ ለወሎ የደረሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ «ወሎ የፍቅርና የመቻቻል አገር በመሆኑ የአደን ባህል ብዙም አልዳበረበትም»።

አሁን ይሄ ምስጋና ነው ስድብ? ይቺ የፍቅር አገር የምትባል ነገር እኛን ከቁም ነገር ለመዝለል የምታገለግል ሆናለች። ቆንጆ ሲፈለግ ወሎ፣ ትዝታ ሲፈለግ ወሎ፣ ባቲና አምባሰል ሲፈለግ ወሎ፣ ጠመንጃ ይዞ ዱር የገባ ሰው ሲፈለግ ግን ወሎ የለም። ከርከሮ ማሽላችንን ሲያወድም ባቲ እየዘፈንን የምንሸኘው መሰላችሁ እንዴ? ደግሞ የአደን ባህል ከሌለን የአዳኝ ፎቶ ከእኛ ምን ሊሠራላችሁ ወሰዳችሁ?

ያልወጣውን እኔ ልንገራችሁ። ቃሉ ወረዳ፣ ቆላው ላይ ማሽላ ሲያሽት ቀን ዝንጀሮና ወፍ ነው፣ ማታ ከርከሮና ጃርት ነው። እርሻው መሃል ማማ ይሠራል፣ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ቀን እዚያ ይውላል፣ ማታ አባት እሳት አንድዶ እየጮኸ ያድራል። እኔ ሦስተኛ ክፍልን የደገምኩት ጥቅምትንና ኅዳርን ማማ ላይ ስለማሳልፍ ነው (ሰነፍም ነበርኩ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። አባቴ በዕድሜው ከገደለው አብዛኛው ከርከሮ ነው። ከርከሮ ለእስላሙ ሐራም፣ ክርስቲያኑም የማይቀምሰው ርኩስ ነው፣ ስለዚህ ጎትተው ገደል ይጥሉታል፣ ማታ ጅብ ይወስደዋል። አይበላ፣ አይሸጥ፣ አይፎከርበት። አደጋው ግን ከሚዳቋ ጋር አይገናኝም፣ የቆሰለ ከርከሮ ዞሮ ከመጣ ክራንቻው ሥጋ ይሸረክታል፣ የአባቴን ውሻ ዓይናችን እያየ ሆዷን ዘርግፎባታል። አባቴ ለሷ አልቅሷል፣ ሲፎክር ግን አላየሁትም።

ለሥጋ የሚታደነው ድኩላና ሚዳቋ ነው፣ እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የወሎ ነገር የሚመጣው፣ ጋዜጠኛው «ዋው» ብሎ ሁለቴ ያስደገመኝም ይሄንን ነበር። አባቴ የሚያድነው ከአንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን ጋር ነው። በእኛ አገር እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ ቡና አብሮ ጠጥቶ ሰርግ አብሮ ደግሶ ሥጋ ላይ ሲደርስ ድስት ለየብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ድኩላ ሲወድቅ ጥያቄው ማን መታው አይደለም፣ ማን ይረደው ነው። ሁለቱ ተራ ነበራቸው። ዛሬ አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ካረደ ሥጋው እኛ ቤት ይገባል፣ ቆዳው ላላረደው ይሰጣል፣ የሚቀጥለውን ሰውዬው በስመ አብ ብሎ ያርዳል። ማረድ ማለት ደግሞ ሳትሞት መድረስ ነው፣ ሞታ ከተገኘች ለሁለቱም ኪሳራ ናት፣ ስለዚህ ተራው የማን ይሁን የማን ከተኩሱ በኋላ ሁለቱም ቢላ ይዘው እኩል ነው የሚሮጡት።

አንድ ዓመት የሰውዬው ተራ የነቢያት ጾም ላይ ዋለ። እሱ እየጾመ ሥጋው ምን ይሠራለታል፣ ቋንጣ አድርጎ እስከ ገና ያቆየዋል እንዳይባል ሚስቱ በጾም ሥጋ ቤቴ አይገባም አለች፣ በቃ ተራውን ለአባቴ ለቀቀለት። ዕዳ ሆነ። አባቴ ያንን ዕዳ ከገና በኋላ ሁለት ድኩላ በተከታታይ ለሰውዬው ሰጥቶ ነው የከፈለው፣ ለምን ሁለት ሲባል «አንዷ ወለድ ናት» አለ፣ ሰውዬው ደግሞ «እናንተ ዘንድ ወለድ ሐራም አይደለም ወይ» ብሎ እስኪሞት ድረስ ይቀልድበት ነበር። እናንተ መቻቻል ብላችሁ አደኑን የሰረዛችሁበት ነገር እኮ ያለው አደኑ ውስጥ ነው! ፍቅሩን ከጠመንጃው ለይታችሁ ምን አገኛችሁበት?

ሌላም አለ። መጨረሻው ላይ «በደቡብ ወሎ አዳኞች ቀይ ቀበሮን እያጠፉት ነው» ብላችኋል። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና ይቺን ዝም ብዬ አላልፋትም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ትልልቆቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፣ ከቀሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ እዚሁ ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ነው። ስለዚህ መጨነቃችሁ ልክ ነው። ግን አዳኝ ቀይ ቀበሮን ምን ሊያደርገው ይገድለዋል? ሥጋው አይበላም፣ ክብር አያመጣም፣ የሚበላው አይጥ ነው፣ ለገበሬው እንደውም ባለውለታ ነው። በግ በላብኝ ብሎ የሚተኩስበት የለም አልልም፣ አለ። በብዛት የሚፈጀው ግን ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ነው፣ እርሻውም ሽቅብ እየወጣ ቦታውን እየቀማው ነው። ስለዚህ ቀበሮውን ማዳን ከፈለጋችሁ ስለ ውሻ ክትባት ጻፉ፣ አንባቢ ባይስብም። ፎካሪ ሽማግሌ ላይ መለጠፉ ይቀላል፣ ፎቶም አለው።

ሕጉን በተመለከተ እኔ ሕገወጥ አደን ይፈቀድ የምል ሰው አይደለሁም፣ የ1999ኙ የዱር እንስሳት አዋጅ ሲወጣ ለተማሪዎቼ እያብራራሁ ያስተማርኩ ነኝ፣ የአባቴም ዘመን አልፏል፣ ጫካውም የለም። የሚያበግነኝ አንድ ነገር ነው። እዚያው ጽሑፋችሁ ውስጥ ፈረንጅ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የደጋ አጋዘን ሲገድልና ቀንዱን ይዞ ፎቶ ሲነሳ «ስፖርታዊ አደን» ነው፣ ገቢ ነው፣ ቱሪዝም ነው ምናምን፣ ፈቃድ አለው ልክ ነው አልከራከርም። የዓመት ማሽላው በአንድ ሌሊት የተበላበት የቃሉ ገበሬ ግን «ኋላቀር ልማድ» ያለበት ሆነ። የከርከሮ ካሳ የሚባል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። እሱም ቢያንስ ስሙ በሥርዓት ይጻፍለት እንጂ።

በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ከኮምቦልቻ ባዶ እጃችንን ነው የወጣነው፣ ስንመለስ ቤት ውስጥ አንድ ፎቶ አልቀረም፣ አልበሙም ሳጥኑም ሄዷል። አባቴ የሚታይባት የቀረችን ይቺው ናት፣ እሷም የተረፈችው ደሴ አክስቴ ጋር ስለነበረች ነው፣ እኔ ያለኝ ቅጂውን ነው። አሁን የአባቴን ስም ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ የልጅ ልጁ የሚያገኘው የሚዳቋ ፎካሪ ነው።

አክስቴ አንብባ አታውቅም፣ የልጅ ልጇ ነው ያነበበላት። መጀመሪያ አልገባትም፣ «የምን ሚዳቋ?» አለች። ሲገባት ስቃ ስቃ ሻሿን እስክትጥል፣ ከዚያ ወዲያው ተቆጣች፣ «ለእኔ አይደል እንዴ የፎከረው!» ብላ ስልኬ ላይ ጮኸችብኝ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል።

ስለዚህ ካፕሽኑን አስተካክሉልን። «በእህቱ ሰርግ ሲፎክር፣ ሐርቡ፣ 1964 ዓ.ም» ብትሉ ይበቃል። ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ እግሩ ሥር ያለው ጋቢ መሆኑን ጨምሩበት። ጋቢው የሙሽራው ነው፣ አክስቴ ዛሬም ትለብሰዋለች።

የአዳኝ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ