ሰንደቁ ሰማያዊ አልነበረም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ለጥምቀት ሰሞን እንግዳ የሚቀበሉ የጎንደር ሆቴሎችና ካፌዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድን የድሮ ፖስተር እያስቀዱ ግድግዳቸው ላይ ሲሰቅሉ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚቀዳው ፀሐይ ከበላው ወረቀት መሆኑ ነው። ብርሃን ሲያገኘው ቢጫና ቀይ ቀለም ቀድሞ ይለቃል፤ ሰማያዊው ይቀራል። አረንጓዴ የሚታተመው ሰማያዊና ቢጫ ተደርቦ ስለሆነ፣ ቢጫው ሲሄድ በፖስተሩ ላይ የተሳለው የሰንደቅ ዓላማችን አረንጓዴ ሰማያዊ ይሆናል፤ መካከሉ ይነጣል፤ ቀዩም ይገረጣል። ያንን እንዳለ ስካን አድርጎ ማተም የሰንደቁን ትርጉም መፋቅ ነው። አታሚው መጀመሪያ በክፈፉ ተሸፍኖ ከብርሃን የተረፈውን የወረቀቱን ጠርዝ አይቶ ቀለሙን በዚያ ያስተካክል።

ሁለተኛው ጥፋት ጠርዙን ቆርጦ መጣል ነው። የማተሚያ ቤቱ ስም ብዙ ጊዜ እዚያ በደቃቅ ፊደል ይገኛል። ከሌለም ሥዕሉ ራሱ ይናገራል፦ ጄት ከተሳለበት ፖስተሩ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ጄት ቦይንግ 720 ከገባበት ከታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. አይቀድምም ማለት ይቻላል። ባለ ሁለት ፕሮፔለር ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም። በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ሲ-47 ይሁን እንጂ፣ ወንድሙ ዲሲ-3 (የሲቪሉ ዓይነት) ጄት ከመጣ በኋላም በአገር ውስጥ መስመር ለዓመታት በርሯል። ዘውድ የደፋ አንበሳ ካለበት አብዛኛውን ጊዜ ከ1967ቱ ለውጥ በፊት የታተመ ነው።

የፋሲል ግንብ ሲሳል ሠዓሊው ከታች ወደ ላይ ያየዋል፤ አራቱ የእንቁላል ቅርጽ ጉልላቶች ሰማዩን እንዲነኩ። አውሮፕላኑ ከላይ ትንሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ግንቡ ይገዝፋል። ለሜኑ እንዲመች ብሎ ሰማዩን የሚቆርጥ ሰው የሥዕሉን ግማሽ ነገር ይጥላል። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው የቱሪዝም መፈክርም በእንግሊዝኛው «የ13 ወር ፀሐይ» ነው፤ የአማርኛው ቃል ለእኛ ይስማማል፣ የሐምሌን የጎንደር ዝናብ የሚያውቅ ሰው ስለ ፀሐዩ አይምልም።

ዋናው ወረቀት በእጅዎ ካለ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዩት። የድሮ ኦፍሴት (የማተሚያ ቤት ኅትመት) በረድፍ የተደረደሩ ጥርት ያሉ ነጠብጣቦች ያሳያል፤ የዛሬው ኢንክጄት (ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር) ኅትመት የተረጨ ብናኝ ይመስላል። ላሚኔት አያድርጉት (በፕላስቲክ አይለብጡት)፤ ፕላስተርም አይለጥፉበት፤ ሙጫው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሲነሳም ቀለሙን ይዞ ይነሳል። መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ካርቶን ያስገቡ፤ በክረምት እርጥበት ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ ሳይቀደድ አይላቀቅም።

የኅትመት ባለሙያ፣ ከጎንደር